እስትንፋስን ማን ይቆጥራል? ከኮፐንሃገን እስከ ገዋኔ

ነፍስ፣ ነፋስና እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሰው ሲሞት «ነፍሱ ወጣች» እንላለን፤ ከጭንቅ ስንወጣ «ተነፈስን» እንላለን፤ እንድንናገር የማይፈልግ ባለ ሥልጣን ደግሞ «ትንፍሽ እንዳትሉ» ይለናል። ሕይወትና ትንፋሽ በቋንቋችን ይህን ያህል ከተቆራኙ፣ የትንፋሽ ሕክምና ታሪክ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻኝም።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄም የታሪክ ጥያቄ ነው። መተንፈስ ያቃተውን ሰው በሕይወት ለማቆየት ከሰባ ዓመታት በላይ የተደረገው ምርምር ምን አስተማረን? ከትምህርቱስ የትኛው ክፍል በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ እንደ ገዋኔ ላለች ከተማ ደረሰ? ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት የክርክሬን ፍሬ ነገር ላስቀምጥ። ምርምሩ ደጋግሞ እንዳሳየው የብዙውን ሰው ሕይወት ያተረፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ትክክለኛ መለኪያ፣ የማይቋረጥ ኦክስጅንና ከአልጋው አጠገብ የማይጠፋ የሠለጠነ ሰው። የእኛ ፖለቲካ ግን መቁጠር የሚወደው ማሽን ነው። የፈረንጆቹን ዘመን «እ.ኤ.አ.» ብዬ ስለምለይ፣ «ዓ.ም.» ያልኩት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ይነበብ።

የኅዳር በሽታ እና ያልተጻፈው መዝገብ

በአገራችን ስለ መተንፈሻ አካል ወረርሽኝ ሲወሳ ሁሉም የሚጀምረው ከኅዳር በሽታ ነው። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1918 መገባደጃ፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ክፉኛ መታ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ተረፉ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚህ በሽታ ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬም የመስኩ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በልዩ ልዩ ግምቶች መሠረት በዋና ከተማዪቱ ብቻ የሞተው ሰው ከ5,000 እስከ 10,000 ይደርሳል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ መቅሠፍት ትዝታ ጋር ተያይዞ እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። የጠቀስኩት ቁጥር የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነበራት፤ ሌጋሲዮኖች ነበሯት፤ ማስታወሻ የሚጽፉ መኳንንትና የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሯት። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ወረርሽኙ ከመግባቱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ ያልፋል፤ የአዋሽ ከተማም የተቆረቆረችው በዚያው ጣቢያ ዙሪያ ነው። ከጣቢያው በስተ ሰሜን፣ ወንዙን ተከትለው ከብትና ግመል የሚያረቡት አፋሮች ስንቱ ታመመ? ስንቱ ሞተ? የሞት ምዝገባ በሌለበት ዘመን ይህን የጻፈ ጸሐፊ አልነበረም። ያልተጻፈ ሞት ደግሞ በታሪክ ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

በሌላ በኩል አፋሮች ራሳቸው መረጃ የሚሰበስቡበት ሥርዓት የሌላቸው ሕዝቦች አልነበሩም። «ዳጉ» የሚባለውን ያልሰማ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ታመመውና ስለ ሞተው በዝርዝር ይነጋገራሉ። ያዩትን ካዩት፣ የሰሙትን ከማን እንደሰሙት ለይተው ይናገራሉ። ምንጭን ከመረጃ መለየት ማለት ይኸው ነው፤ ለተማሪዎቼ በአንድ ሴሚስተር ለማስተማር የምደክምበት ጉዳይ እነርሱ ዘንድ የወግ ደንብ ነው። የጎደለው ነገር የዳጉን ወሬ ተቀብሎ በመዝገብ የሚያሰፍር፣ መዝገቡንም አይቶ በጀት የሚመድብ መንግሥት ነበር።

የኮፐንሃገን እጆች

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ጉዞው ከጉዳያችን የሚያርቀን ቢመስልም መልሶ ያመጣናል።

በሰው ሠራሽ መንገድ ማስተንፈስ በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ አጋሲዝ ሾው በሠሩት «የብረት ሳንባ» ነው። ሕመምተኛው ከአንገቱ በታች በብረት በርሜል ውስጥ ይተኛል፤ በበርሜሉ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል ደረቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። መሣሪያው ግዙፍና ውድ ነበር።

በነሐሴ ወር 1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። የብሌግዳም ሆስፒታል አንድ የብረት ሳንባና ደረት ላይ የሚጠለቁ ስድስት አነስተኛ መሣሪያዎች ብቻ ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መተንፈሻቸው ሽባ ከሆነባቸው 31 ሕሙማን መካከል 27ቱ ሞቱ። የክፍሉ ኃላፊ ላሰን ቢዮርን ኢብሰን የተባለውን የማደንዘዣ ሐኪም ለምክር ጠሩት። ኢብሰን በቀዶ ሕክምና ክፍል የለመደውን ዘዴ አመጣ፤ የሕመምተኛውን ጉሮሮ ከፍቶ ቱቦ ማስገባት፣ ከዚያም ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የጎማ ከረጢት በእጅ እየጨመቁ አየር ወደ ሳንባ መግፋት። በነሐሴ 27 ቀን ልትሞት ስታጣጥር በነበረች የ12 ዓመት ልጃገረድ ላይ ሞከረው፤ ልጅቱም ተረፈች።

ጥያቄው ከረጢቱን ማን ይጨምቃል የሚል ነበር። ፖሊዮ በቀናት የሚለቅ በሽታ አይደለም፤ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። መልሱ ተማሪዎች ሆኑ። 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየገቡ፣ ቀንና ሌሊት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው በድምሩ 165,000 ሰዓት ያህል ጨመቁ። ከመቶ ሰማንያ ሰባት የነበረው የሞት መጠን ከግማሽ በታች ወረደ። ኢብሰን በቀጣዩ ዓመት በኮፐንሃገን ከተማ ሆስፒታል ያቋቋመው ክፍል ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ተቋም መጀመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል።

ስለዚህ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና የተወለደው ማሽን ባልነበረበት ቦታ ነው። ኮፐንሃገን የነበራት የሰው እጅ፣ ጎማ፣ ኦክስጅንና እነዚህን ሁሉ የሚያደራጅ አስተዳደር ነው። ማሽኑ የመጣው በኋላ፣ የደከሙትን እጆች ለመተካት ነው።

መድኃኒቱ ሲጎዳ

ማሽኑ ከመጣ በኋላ ያለው ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1967 አሽባው፣ ቢጌሎ፣ ፔቲና ሌቪን የተባሉ ሐኪሞች ከዴንቨር ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ስለ 12 ሕሙማን ጻፉ። የእነዚህ ሰዎች ሳንባ በልዩ ልዩ ምክንያት በድንገት በፈሳሽ ተሞልቶ ኦክስጅን አላሳልፍ ብሏል፤ ሰባቱም ሞተዋል። ሐኪሞቹ የገለጹት ሕማም አጣዳፊ የመተንፈስ ችግር ሕማም ይባላል። ከሳንባ ምች፣ ከደም መመረዝ፣ ከመኪና አደጋ፣ ከኮሮና ቫይረስም ተነሥቶ ሰው የሚገድልበት የመጨረሻው ጎዳና ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሐኪሞች የታመመን ሳንባ በብዙ አየር መንፋትን እንደ መልካም ሕክምና ቆጠሩት። በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በወረቀት ላይ ያምር ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ 861 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ውጤቱን ይፋ አደረገ። ግማሾቹ በአንድ እስትንፋስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 12 ሚሊ ሊትር አየር፣ ግማሾቹ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ተሰጣቸው። ብዙ አየር ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ፣ ጥቂት ከተሰጣቸው ግን 31 በመቶ ሞቱ። የበዛው አየር ገና ጤነኛ የሆነውን ጥቂት የሳንባ ክፍል እየለጠጠ ይጎዳው ነበር። በሌላ አነጋገር በአልጋው አጠገብ ያለው መድኃኒት ራሱ በሽታ ጨምሮ ነበር።

ኪሎ ግራሙ ደግሞ ሚዛን ላይ የሚወጣው አይደለም፤ ከቁመት የሚሰላ ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አያድግምና። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወንድ ልኩ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ በዚህ ሕክምና ትልቁን ለውጥ ካመጡት መሣሪያዎች አንዱ ማንኛውም ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ሜትር ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ሌሎቹም ግኝቶች ከዚህ ጋር የሚዛመዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአብዛኛው በፈረንሳይ በ466 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሕመምተኛውን ለረጅም ሰዓት በሆዱ ማስተኛት የ28 ቀን ሞትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ እንዳወረደ አሳየ። ይህ ዕውቀትና ጠንቃቃ እጆች ይጠይቃል፤ አዲስ ዕቃ ግን አይጠይቅም። በሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የተደረገው ሰፊ ጥናት ደግሞ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በማሽን ከሚተነፍሱ የኮሮና ሕሙማን መካከል ሞትን ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ እንደቀነሰ ገለጸ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልሰጠም። ስለዚህ መድኃኒቱን በትክክል ለመስጠት አስቀድሞ የሕመምተኛውን ኦክስጅን መለካት ግድ ነው።

ከእነዚህ ጋር ከሁሉ ውድ የሆነውን መሣሪያ እናወዳድር። ደምን ከሰውነት አውጥቶ በውጭ ኦክስጅን ሞልቶ የሚመልሰው ማሽን ለዚህ ሕማም እ.ኤ.አ. በ1971 ተሞክሮ ሠመረ። በ1979 ውጤቱ የታተመው የመጀመሪያው ንጽጽር ጥናት ግን በማሽኑም ያለ ማሽኑም ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ መሞታቸውን አሳየ። በ2018 የታተመው ዘመናዊ ጥናት የሞት መጠኑን 35 በመቶ በ46 በመቶ ቢያሳይም፣ ልዩነቱን ከአጋጣሚ ለመለየት የስታቲስቲክሱ ልክ አልበቃውም። ማሽኑ ለተመረጡ ሕሙማን ዋጋ እንዳለው ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ እኔም አልክድም። ዋጋውና ውጤቱ ግን አብረው እንዳልጨመሩ ታሪኩ ይመሰክራል።

በትርጓሜ የጠፉ ሕሙማን

ወደ አፍሪካ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 የበርሊን ትርጓሜ የሚባለው መስፈርት ወጣ። በዚህ መሠረት አንድ ሰው ይህ ሕማም አለበት ለመባል የደረት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን፣ ከደም ቧንቧ ተቀድቶ የሚለካ የኦክስጅን መጠንና በተወሰነ ግፊት የሚያስተነፍስ መሣሪያ ያስፈልገዋል። እነዚህ በሌሉበት ሆስፒታል የሚሞት ሰው በሕጉ መሠረት ይህ ሕማም የለበትም ማለት ነው።

ኤልዛቤት ሪቪዬሎና ባልደረቦቿ በሩዋንዳ ኪጋሊ በሚገኝ የማስተማሪያ ሆስፒታል ይህን ሊፈትኑ ተነሡ። ከደም ቅጂ ፋንታ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ፣ ከራጅ በተጨማሪ አልትራሳውንድን ተቀበሉ፤ የማሽኑን ግዴታም አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ውጤት በስድስት ሳምንት ከገቡ 1,046 ሕሙማን ውስጥ 42ቱ ሕማሙ እንደነበረባቸውና ግማሾቹ እንደሞቱ ይናገራል። በበርሊኑ መስፈርት ቢለኩ ኖሮ ቁጥራቸው ዜሮ ይሆን ነበር።

አንባቢያን ሆይ፣ ይህን ዜሮ እንደ ዋዛ አንለፈው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ ላይ የደበቀው ሕመምተኛው አልነበረም፤ መስፈርቱ ነው። በ1911 ዓ.ም. የአዋሽን ሟቾች ከመዝገብ ያስቀረው የጸሐፊ አለመኖር ከሆነ፣ በእኛ ዘመን ያስቀራቸው የማሽን አለመኖር ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ የኪጋሊውን ሐሳብ ተቀብሎ የጣት መለኪያንና አልትራሳውንድን አካቷል። ከአፍሪካ ሆስፒታል የተነሣ ምርምር የዓለምን ሕግ ያስለወጠበት ይህ ምሳሌ በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊነገር ይገባዋል።

የጣት መለኪያው፣ ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለው፣ ራሱ የሚያኮራ ታሪክ አለው። መርሑን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። አዮያጊ ያረፈው በሚያዝያ 2020፣ ዓለም የእርሱን መሣሪያ እንደ ዳቦ በሚሻማበት ወር ነበር።

አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ውጤት

የዚህ ታሪክ እጅግ አስተማሪው ምዕራፍ ከጠርሙስ ጋር የተያያዘ ነው። በባንግላዴሽ ዳካ መሐመድ ጆባዬር ቺስቲ የተባለ ሐኪም የሳንባ ምች ለያዛቸው ሕፃናት ቀላል ዘዴ አበጀ። ኦክስጅን በአፍንጫ ይገባል፤ ሕፃኑ የሚያወጣው አየር በቱቦ ተጉዞ በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ እየተንተከተከ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ ሳንባው እንዳይከደን የሚይዘው ግፊት የዚያን ያህል ይሆናል። ቺስቲ ሲጀምር የተጠቀመው ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት በጠርሙሱ ከታከሙት 4 በመቶ፣ በተለመደው ዝቅተኛ ኦክስጅን ከታከሙት 15 በመቶ ሕፃናት ሞቱ።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ «ጠርሙስ ለየጤና ጣቢያው ይታደል» የሚል መፈክር ይበቃን ነበር። ነገር ግን በማላዊ አንድ የወረዳ ሆስፒታል ተመሳሳይ ዘዴ ሌሎች ተጓዳኝ ችግሮች ባሉባቸው ሕፃናት ላይ ሲሞከር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ተገላቢጦሽ ሆነ፤ በግፊት ከታከሙት 17 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት 11 በመቶ ሞቱ። በዚያ ሆስፒታል ሐኪም በየዕለቱ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ አይከታተልም ነበር። በአገራችን ደግሞ በ12 ሆስፒታሎች 1,240 ሕፃናትን ያካተተው ጥናት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በጠርሙሱ ዘዴ ሕክምናው ያልሠመረላቸው ሕፃናት ቁጥር በግልጽ መቀነሱን አሳየ። ጥናቱ ሐኪሞችና ነርሶች ሠልጥነውና ክትትል ተደርጎ የተካሄደ ነው።

ዳካም፣ ማላዊም፣ ኢትዮጵያም የተጠቀሙበት መርሕ አንድ ነው። ስለዚህ በጠርሙሱና በሕፃኑ መካከል የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ዕቃ ብቻ ማደል ጥቅም ቀርቶ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በአገርኛ መሬት ላይ ምርምር ማድረግ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

የ2012 ዓ.ም. ቆጠራ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለየ፤ የሚሌኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሰሞን በ41 የአፍሪካ አገሮች የመንግሥት ተቋማት ውስጥ የሚሠሩት ቬንቲሌተሮች ከ2,000 እንደማይበልጡ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ በዜና የምንሰማው ሁሉ የቬንቲሌተር ቁጥር ሆነ። ስንት ገባ? ማን ለገሠ? ማን ተረከበ? ካርቶኑ ፊት ፎቶግራፍ ያልተነሣ ሹም ጥቂት ነበር።

የጤና ባለሙያዎቻችን በዚያ ዘመን የከፈሉትን መሥዋዕትነት ማንም አይዘነጋውም። ነቀፋዬ በቆጠራው ላይ ነው። በአሥር የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በ64 ሆስፒታሎች የተከናወነውና በ2021 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተላኩ 3,140 የኮሮና ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ 48.2 በመቶው ሞተዋል፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተገኘው 31.5 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ያሳቅቃል። ይህም ከሆስፒታል በር የደረሱት፣ አልጋም የታሰበላቸው ቁጥር ነው። በመንገድ የቀሩትን አይጨምርም።

መንገዱና ገዋኔ

መንገድ ካልኩ ዘንድ ስለ አንዱ ልናገር። ከአዋሽ ተነሥቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አድርጎ ሰመራን አልፎ ጋላፊ የሚደርሰው አውራ ጎዳና የአገራችን የጉሮሮ መንገድ ነው። የተሠራው ወደ አሰብ ነበር፤ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወዲህ ግን ጭነቱ በሙሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ወደብ ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1911 ዓ.ም. የነበረውን ሚና በ2012 ዓ.ም. የተረከበው የከባድ መኪናው መንገድ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ነዳጁም፣ ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም፣ በሽታውም በዚያው ይመጣል።

ገዋኔ በዚህ መንገድ ላይ፣ በአየሉ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ደቡብ አዋሽ፣ ወደ ሰሜን ሰመራና ዱብቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ሁለቱም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ትልቁ የኦክስጅን ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል ይይዛል። በደቂቃ አምስት ሊትር ለሚበቃው ሕመምተኛ ሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። አሥር ሊትር ለሚያስፈልገው አሥራ አንድ ሰዓት። በደቂቃ ስልሳ ሊትር ለሚውጠው ከፍተኛ ፍሰት ሁለት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ማሽን ያለ ኦክስጅን፣ ነዳጅ እንደሌለው ቦቴ መኪና ቆሞ የሚቀር ዕቃ ነው።

ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር የሚባለው መሣሪያ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ይባላል፤ በብዙ ቦታም ሆኗል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሽየስ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ አፋር በበጋ ይህን ልክ ያልፋል። አቧራው ማጣሪያውን ይዘጋዋል፤ መብራቱ ይቋረጣል። በዚያ መስመር ስመላለስ ካነጋገርኳቸው የጤና ባለሙያዎች አንዱ፣ ሥራ ያቆመ መሣሪያ ተሸፍኖ የቆመበትን ጥግ እያሳየኝ፣ «ዶክተር፣ ዕቃውን ያመጡት ሰዎች ርክክቡን አስፈርመውን ሄዱ፤ ማጣሪያውን የሚቀይር ሰው ግን አልላኩልንም» አለኝ። የተቋሙን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ጥግ የሌለው ተቋም ይበልጥ ብርቅ ነውና።

ምርምርም ቢሆን ለቦታው መሠራት አለበት። ገዋኔ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። ከፍ ባለ ቦታ ጤነኛ ሰው በጣት መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር በቆላ ካለው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ አያሳስብም የሚባል ንባብ በገዋኔ የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። በአንድ አገር ውስጥ ቆላና ደጋ ለያዝን ለእኛ፣ ልኩን ከውጭ መጽሐፍ ቀድተን ለሁሉም ማደል እንዴት ይበቃናል?

ምን እንጠይቅ?

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ማውጣቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከወረርሽኙ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነውና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት መጀመሩም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ የሚጨመረው የእኛ፣ የዜጎች ድርሻ ነው። እኛ የምንጠይቀውን ነው ሹማምንቱ የሚቆጥሩት።

ስለዚህ የምክር ቤት ተወካይም ሆነ የጤና ቢሮ ኃላፊ «ይህን ያህል ማሽን አስገባን» ሲለን፣ ሦስት ጥያቄዎችን እናስለምድ። በገዋኔና በመሰሏ ከተሞች ትንፋሽ አጥሮት ከመጣው ሕመምተኛ ውስጥ የስንቱ ኦክስጅን ተለካ፣ በመዝገብስ ሰፈረ? ባለፈው ወር ኦክስጅን ለስንት ሰዓት ተቋረጠ? በሌሊቱ ፈረቃ ከአልጋው አጠገብ የነበረው ሰው ማን ነው፣ ምንስ ሠልጥኗል? እነዚህ ጥያቄዎች ሪባን አያስቆርጡም፤ ፎቶግራፍም አያስነሡም። ኮፐንሃገንን ከሞት ያወጣት ግን የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው፤ ኪጋሊን በዓለም ያስደመጣት የመጀመሪያው ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ቀጣዩ የትንፋሽ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ግን ካርታ ያየ ሁሉ ሊገምት ይችላል። በ1911 ዓ.ም. በዚያ ሸለቆ የሞቱትን መቁጠር የምንችልበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ በገዋኔ የሚተነፍሱትን ለመቁጠር ግን ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ፣ አንድ መዝገብና መዝገቡን የሚያነብ መንግሥት ይበቃል።

ቸር ያሰማን።